የበዓል ሰሞን ማረፊያ ቤት፦ ማከራየት የሚሻ ገበሬና መከራየት የሚሻ ከተሜ ሊያውቁት የሚገባ

ከታኅሣሥ መጨረሻ አንሥቶ ጥምቀት እስኪያልፍ ድረስ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከባሕር ማዶ ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚመለሱ ሰዎች ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይገባሉ። አንዳንዱ እናቱ ቤት መደብ ላይ ተኝቶ ይደሰታል። ሌላው ግን ባለቤቱንና ትንንሽ ልጆቹን አስከትሎ ይመጣና የወላጆቹ ቤት እንደማይበቃ የሚረዳው ከመሸ በኋላ ነው። ለታቦት ንግሥ የሚመጣ ምዕመን፣ ለሠርግ የተጠራ ዘመድ፣ አገር ለማየት የወጣ መንገደኛም በተመሳሳይ ሰሞን አልጋ ይፈልጋሉ። በአርብ ገበያ ደግሞ የከተማዋ ስም እንደሚነግረው አርብ ሲደርስ ገበያተኛው ይጨመርበታል።

ይህን የተመለከተ ባለቤት «ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ብሠራ ምን ይለኛል?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሐሳቡ መልካም ነው። አደጋው ያለው በሬ ሽጦ ወይም ተበድሮ ግንባታ የሚጀምረው ሰው ላይ ነው፤ የበዓል እንግዳ በዓመት ውስጥ በጣት በሚቆጠሩ ሳምንታት የሚመጣ፣ በቀሪዎቹ ወራት የማይታይ እንግዳ ነውና።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ሰው 60,000 ብር አውጥቶ አዲስ ክፍል ሠራ እንበል። ለአንድ ሌሊት 500 ብር ያስከፍላል፤ ከዚህ ውስጥ ለሳሙና፣ ለውኃ፣ ለማገዶ፣ ለአጣቢና ለቁርስ 150 ብር ይወጣል። የሚቀረው 350 ብር ነው። የግንባታው ገንዘብ የሚመለሰው እንግዳ 172 ሌሊት ካደረበት በኋላ ይሆናል። በዓመት 20 ሌሊት ብቻ የሚከራይ ከሆነ ከስምንት ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ነው። ያው ሰው አስቀድሞ ያለውን አንድ ክፍል በ15,000 ብር ቢያድስ ግን በ43 ሌሊት፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ብዙም ባልራቀ ጊዜ ገንዘቡን ያገኛል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ዋጋ አስገብቶ ማስላት ይችላል። በአብዛኛው የሚያገኘው መልስ ግን አንድ ነው፦ ከመሥራት በፊት ማደስ ይቀድማል።

በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚኖሩበት ቤት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። «ከረመ» የሚለው ግስ ራሱ ክረምቱን በአንድ ቦታ ማሳለፍን ይናገራል። ጎንደር በ1600ዎቹ የአውሮፓ አቆጣጠር በአፄ ፋሲል ዘመን ቋሚ መናገሻ ከመሆኗ አስቀድሞ ነገሥታቱ በበጋ ከድንኳን ድንኳን ይዘዋወሩና ዝናቡ ሲገባ በአንድ ከተማ ይከርሙ ነበር። በጋይንት ምድር ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በሆነው በዙር አምባ ከየአገሩ የመጡ ደቀ መዛሙርት ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው ትምህርታቸው እስኪያልቅ ተቀምጠዋል። ቤተልሔም የውጭውን ዓለም ዓይን የሳበችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ነው፤ የአየርላንዱ የታሪክ ጸሐፊ ቶማስ ፓከንሃም ወደ ሥፍራው ተጉዞ፣ በክብ የሣር ክዳን ሥር ተሸሽጎ የቆየውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ አይቶ ጽፏል። ያን ቦታ ለማየት የሚመጣ ሰው ዛሬም የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ይታደራል?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጎረቤት ወረዳ አንድ ጊዜ ጥሩ መልስ ሰጥቶ ነበር። ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው መቄት በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቅ የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተጀመረ። መጀመሪያ በመቋት ማርያም፣ ቀጥሎም በዋጀላና በሌሎች ቦታዎች ገበሬዎቹ ተሰባስበው በገደሉ አፋፍ ላይ በአገሩ ወግ የሣር ክዳን ጎጆዎች ሠሩ። እንግዳው ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዛል፤ ጓዙን አህያ ይጭናል፤ የአካባቢው ልጅ መንገድ ይመራዋል፤ ሲደርስ ሙቅ ውኃ፣ ትኩስ ዳቦና ንጹሕ አልጋ ይጠብቀዋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከጎጆው ደጅ ሣር ሲግጡ እያየ ቡናውን ይጠጣል።

የመቄትን አሠራር ከሌላው የለዩት ነገሮች ዛሬም ሊቀዱ የሚገባቸው ናቸው። ቤቶቹ የአንድ ሰው ሳይሆኑ የማኅበሩ ነበሩ፤ ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት በእንግዳ አልተሻማም። ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ስለነበር እንግዳው ደጅ ቆሞ አይከራከርም። ማረፊያዎቹ አንዱ ከሌላው የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ስለተሠሩ አንድ ቤት ያረፈ እንግዳ ለሚቀጥለው ቤት ገበያ ሆኖ ይሄዳል። እንግዳ የማፈላለጉን ሥራ ደግሞ ገበሬው አልተሸከመም፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ቢሮ ይቀበልና ይልካል። ብዙ የገጠር ማረፊያ ቤቶች የሚወድቁት በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ ነው። ቤቱ ያምራል፣ አልጋው ይነጠፋል፣ ግን መኖሩን የሚያውቅ ሰው የለም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ከዚያም በክልሉ የቀጠለው የጸጥታ ችግር የቱሪስቱን መንገድ ክፉኛ አሳጥሮታል። ከላሊበላ እስከ ጎንደር በእንግዳ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ አስጎብኚዎች፣ የሆቴል ሠራተኞችና የበቅሎ አከራዮች ሥራ ፈተው ከርመዋል። ስለዚህ ዛሬ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ስለ እንግዳ ቤት የሚያስብ ሰው ዓይኑን በውጭ አገር ቱሪስት ላይ ብቻ ቢጥል ይሳሳታል። ቅርብ ያለው እንግዳ አገሬው ነው፦ የበዓል ተመላሹ፣ የንግሥ ምዕመኑ፣ ለሥራ የተላከው ሠራተኛ።

በሌላው ዓለምም የገጠር ማረፊያ ቤት ሲጀመር የታሰበው ለሩቅ አገር ሰው አልነበረም። በፈረንሳይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 የመጀመሪያው የገጠር ኪራይ ቤት ሲከፈት ዓላማው የሚፈርሱ የገበሬ ቤቶችን ማዳን፣ ለገበሬው ተጨማሪ ገቢ ማስገኘትና ገንዘብ ለሌለው ከተሜ ርካሽ ዕረፍት መስጠት ነበር። ጣሊያን በ1985 ባወጣችው ሕግ ገበሬ በእርሻው ላይ እንግዳ እንዲያሳድር ስትፈቅድ አንድ ብርቱ ሁኔታ አስቀመጠች፤ እርሻው ዋና፣ እንግዳ ማሳደሩ ተከታይ ሆኖ መቀጠል አለበት። ይህ ሁኔታ ለጋይንት ገበሬ ከማንም በላይ ይገባዋል። ገናና ጥምቀት የሚውሉት ውድማው ገና ሳይጸዳ ነው። ገብሱ ሳይወቃ፣ ጭዱ ሳይከመር እንግዳ የተቀበለ ቤት ከሁለት ያጣ ሊሆን ይችላል። ማን ከእንግዳው ጋር ይውላል፣ ማን ውድማ ይወርዳል የሚለው በቤተሰቡ ውስጥ አስቀድሞ ካልተቆረጠ ሸክሙ ሁሉ በእማወራዋ ጀርባ ላይ ያርፋል። ገቢው ሲከፈልም እርሷ መረሳት የለባትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በአፉ የማይናገረው፣ በልቡ ግን የሚያመላልሰው ጉዳይ አለ። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ብሎ እግር አጥቦ ማሳደር ያደገበት ሕዝብ፣ እንግዳን እንዴት ገንዘብ ይጠይቃል? ነውሩ እውነተኛ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ሆኖም ሁለቱን መለየት ይቻላል። የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነው፤ እንደ ጥንቱ ይታደራል። ከሳምንታት በፊት ስልክ ደውሎ፣ ክፍል አስይዞ፣ አንሶላና ቁልፍ የሚጠብቀው ሰው ግን የሚፈልገው አገልግሎት ነው፤ ባይከፍል እንኳ ራሱ ያፍራል። አስቸጋሪው ዘመድ ነው። የአጎት ልጅ ለአጎት ልጅ ቤት ቢያከራይ ቅሬታው ከበዓሉ አልፎ ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣ ሰው ከዘመዱ ይልቅ ከዘመዱ ጎረቤት ቢከራይ፣ ምግቡን ግን ከዘመዱ ጋር ቢበላ ሁለቱም ወገን ፊቱ ሳይጠቁር ይለያያል።

ቤቱ ምን መምሰል አለበት? የከተማ ሆቴል መምሰል የለበትም። ከከተማ የሚመጣ ሰው ጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን አይጠላም፤ እንዲያውም ፈልጎት ነው የሚመጣው። የሚጠላው ቁንጫና ትኋን ነው። አንድ ሌሊት በቁንጫ የተበላ እንግዳ ስለ ተራራው ውበት ለማንም አይናገርም። ስለዚህ ከጌጥ በፊት ግድግዳውና ወለሉ መለቅለቅ፣ ፍራሹ ፀሐይ ላይ መውጣት፣ ከብትና ዶሮ ከእንግዳው ክፍል መራቅ አለባቸው። ቀጥሎ የሚመጣው መጸዳጃ ቤት ነው። የጉድጓድ መጸዳጃ ይበቃል፤ ነገር ግን በር የሚዘጋ፣ ክዳን ያለው፣ ከውኃ ጉድጓድ የራቀ፣ በደጁ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና የተቀመጠበት ሊሆን ይገባል። ደጋ በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላልና ለአንድ ሰው አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም፤ ጋቢ መጨመር አዋቂነት ነው። ብርዱን ለመከላከል በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ግን ገዳይ ነው። የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይመርዛል፤ አከራዩ እንግዳውን በግልጽ ሊያስጠነቅቅ፣ ምድጃውንም ከመኝታ በፊት ሊያወጣ ይገባል።

የመብራት መጥፋት የታወቀ ስለሆነ በፀሐይ የሚሞላ መብራት አንድ ቢኖር ዋጋውን ይመልሳል። ውኃ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ መሆኑ ይነገር። ከዚህ የተረፈው ሁሉ ተጨማሪ ነው።

ተከራዩም በበኩሉ ቤት ሲመርጥ ከፎቶ በላይ መጠየቅ አለበት። መኪና እስከ ደጅ ይደርሳል ወይስ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር ይኬዳል? አዛውንት እናት ያላት ቤተሰብ ከገደል በላይ ያለ ጎጆ ቢከራይ ዕረፍቱ ወደ ድካም ይለወጣል። ስልክ ይሠራል? ሕክምና የት ነው? ክፍሉ ለብቻ ነው ወይስ ከባለቤቶቹ ጋር አንድ ጣራ ሥር? ቁርስ በዋጋው ውስጥ አለ? ጾም ነው ፍስክ ተብሎ አስቀድሞ መነጋገርም ጥሩ ነው፤ የገና ጾም ሳይፈታ የደረሰ እንግዳ እንቁላል ቢጠይቅ፣ ወይም ጿሚው እንግዳ ቅቤ የገባበት ወጥ ቢቀርብለት ጥፋቱ የማንም አይሆንም፤ ያልተነጋገሩ የሁለቱም ነው። ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት የነበረ መልስ ዘንድሮ አይሠራም።

ገንዘቡን በተመለከተ ለሁለቱም ወገን ጥበቃ የሚሆነው ቀብድ ነው። ቀብድ በልማድ ብቻ የቆመ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን እንደሚያስረዳ ይደነግጋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ብዙ አከራይ አያውቅም። ለጥምቀት ቤቱን ለአንዱ አስይዞ፣ በመጨረሻው ቀን የተሻለ ዋጋ ለሰጠው ለሌላው የሚያስረክብ ሰው የሚከፍለው ስሙን ብቻ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገጽ ወረቀት የመግቢያና የመውጫ ቀኑን፣ የሰዉን ብዛት፣ ዋጋውንና የቀብዱን ልክ ጽፈው ሁለት ምስክር ቢያስፈርሙ ይበቃቸዋል። በመንገድ መዘጋት ምክንያት መምጣት ባይቻል ቀብዱ ምን እንደሚሆን መጻፉ በዚህ ዘመን የግድ ነው፤ ለምሳሌ ለሚቀጥለው በዓል እንዲተላለፍ መስማማት ይቻላል።

በከተሞች ቤት የሚከራይ ሰው ሌላም ሕግ ሰምቶ ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። አዋጁ የታሰበው ነዋሪ ተከራይን ከድንገተኛ የዋጋ ጭማሪና ከመባረር ለመጠበቅ ነው። ለጥቂት ሌሊት እንግዳ የሚያሳድር ቤት ጠባዩ ከዚህ ይለያል። እንግዲያውስ ባለቤቱ ሥራውን በቋሚነት ሊይዘው ካሰበ እንግዳ ማረፊያ ተብሎ እንዲመዘገብ ወደ ወረዳው የንግድና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ሄዶ ፈቃዱንና ግብሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጀዋል። የሚያድረውን ሰው ስምና መታወቂያ በመዝገብ መያዝና ለቀበሌ ማሳወቅም፣ በተለይ አሁን ባለው ሁኔታ፣ አከራዩንም እንግዳውንም ከጥርጣሬ ያድናል። ቋሚ ተከራዩን ለጥምቀት ሰሞን አስወጥቶ ክፍሉን ለእንግዳ በውድ የሚያከራይ ሰው ግን ከሕጉ ጋር ይጋጫል፤ ከሕጉ በፊትም ከጎረቤቱ።

እንግዳ የማፈላለጉ ሥራ ከባድ ቢመስልም መንገዱ ተጠርጓል። ዛሬ በዓለም ትልቁ የቤት ኪራይ አገናኝ የሆነው ኤርቢኤንቢ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንድ ጉባኤ ሆቴሎችን ሞልቶ ሳለ ሁለት ወጣቶች ሳሎናቸው ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው እንግዳ በማሳደራቸው ነው። ጥምቀት በጎንደር፣ ገና በላሊበላ ሆቴሎች ሲሞሉ ነዋሪዎች ክፍል ለቀው እንግዳ የሚያሳድሩበት ልማድ ከዚህ የሚለየው ማስታወቂያ ስለሌለው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለአርብ ገበያ ባለቤት መነሻው የእጅ ስልክ ነው። ፎቶው ጠዋት፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ አልጋው ተነጥፎ ይነሣ፤ የመጸዳጃ ቤቱም ፎቶ አይቅር፤ እንግዳው አፍሮ የማይጠይቀው ግን ሊያየው የሚፈልገው እርሱ ነው። ከክፍሉ ይልቅ ከደጁ የሚታየው ተራራ ካማረ ተራራው ይቅደም። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ ስንት ሰው ያሳድራል፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ በእግር ስንት ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን «አሥር ደቂቃ» ብሎ መጻፍ አንድ እንግዳ ያመጣል፤ አሥሩን ያስቀራል። ይህ ማስታወቂያ የትውልድ አካባቢው ተወላጆች በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጾች ቢለጠፍ፣ ለደብሩ የልማት ኮሚቴና ለሠርግ ደጋሾች ቢነገር በቂ አንባቢ ያገኛል። ጊዜውም አለው። ለገና የሚመጣ ሰው ጉዞውን የሚያቅደው በኅዳር ነው፤ በታኅሣሥ 28 የወጣ ማስታወቂያ ለመጪው ዓመት ነው። ደላላ የሚገባ ከሆነ ድርሻው ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይነገር፤ ያልተነገረ የደላላ ገንዘብ በእንግዳው ሒሳብ ላይ ሲጨመር ጠቡ የሚነሣው በመሸኛ ቀን ነው።

በዚሁ መንገድ አጭበርባሪም ይመጣል። ከሌላ ቦታ የወሰደውን ፎቶ ለጥፎ፣ «ቶሎ ካልከፈሉ ይወሰዳል» እያለ ሙሉ ኪራዩን በቴሌብር የሚቀበልና ስልኩን የሚዘጋ ሰው ሊያጋጥም ይችላል። ከሩቅ የሚከራይ ሰው ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ በቪዲዮ ጥሪ ከደጁ ጀምሮ ቤቱን እንዲያሳየው ቢጠይቅ፣ ወይም በአካባቢው ያለ ዘመድ ሄዶ እንዲያይለት ቢልክ ይድናል። ክፍያው የሚደርሰው የሒሳብ ስም ከውሉ ስም ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከቀብድ በላይ አለመላክ፣ የደረሰኙን መልእክት አለማጥፋት ያስፈልጋል። ሐቀኛ አከራይ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም።

የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ መካከል ቆሟል፤ ቤተልሔምና ዙር አምባም በዚሁ ምድር ናቸው። መንገዱ ሰላም ሲያገኝ እነዚህን ቦታዎች የአንድ ጉዞ ማደሪያዎች አድርጎ ማያያዝ የሚቻለው ግን በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ አንድ ንጹሕ ክፍል ሲኖር ነው። እስከዚያው የሚታደሰው ክፍል ከእንግዳ በሌለበት ወራት እህል ሊቀመጥበት፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣ ተማሪ ሊኖርበት ይችላል። ተማሪው ለበዓል ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ክፍሉ ለእንግዳ እንዲለቀቅ አስቀድሞ ከወላጆቹ ጋር የተስማማ፣ ለዚያ ሰሞን ኪራዩን የቀነሰለት አከራይ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቤት አይጠብቅም።